የሰውዬው ካዝና

ክብ የጥይት ካዝናን ብዙ ሰው የሚያውቀው በፊልም ነው። ከመሣሪያው ሥር የተንጠለጠለ ወፍራም ክብ ብረት ነው። ውስጡን ያየ ግን ጥቂት ነው። እኛ ቤት ያለው ከኮሪያ የመጣ ነው። አባባ፣ የእናቴ አባት፣ ክብር ዘበኛ ነበሩ። ከሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ዘምተው በ1946 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ሲመለሱ በሻንጣቸው ሥር ይዘውት መጡ። መሣሪያው የለም፣ ጥይትም የለም። ካዝናው ብቻ ነው ያለው። ዝገት በልቶት፣ አንድ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ክዳኑ አልከፈት ብሎ ኖረ። ዘንድሮ ፈታነው፣ ጠገንነው፣ መልሰን ገጠምነው። የምጽፈው ስለዚያ ሥራ ነው። ስለ ሞላ፣ ስለ ላመራ (ስለ ስስ የብረት ገላው)፣ ስለ ዝገት። አባባም አሉበት። ያለ እሳቸው አይሆንም።

ሐሳቡን ያመጣው አጎቴ ነው። «እኛ ቤት ተቀምጦ ማን ያየዋል? አፍንጮ በር እንስጠው» አለ። አፍንጮ በር የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ፤ ሙዚየምም አለው። ለሙዚየም ለመስጠት ዝም ብሎ አንስቶ መስጠትም ይቻል ነበር። ግን ዝገቱ ከውስጥ እየበላው እንደነበር ሲነቀነቅ በሚሰማው ድምፅ ይታወቃል። ተዘግቶ እንዲበሰብስ መስጠት ደግሞ ስጦታ አይባልም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ባዶም ቢሆን የጦር መሣሪያ አካል ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ እንዲህ ዓይነት ነገር በዝምታ የሚነካካ አይደለም። አጎቴ መጀመሪያ የሄደው ፖሊስ ጣቢያ ነው። ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ አስመዘገበ። ወረቀቱ እጃችን ከገባ በኋላ ነው መፍቻ ያነሳነው። ተመሳሳይ ዕቃ ቤታችሁ ካለ እዚህች ላይ አትቸኩሉ።

አሁን ወደ ነገሩ።

የኮሪያ ጦርነት የጀመረው በሰኔ 1942 ዓ.ም. ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ሲያደርግ ኢትዮጵያ ከክብር ዘበኛ መርጣ ሻለቃ ጦር ላከች። ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ጣሊያን በወረረን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ድረስ ሄደው አቤት ብለው ሰሚ ያጡት ገና በቅርቡ ነበር። ሻለቃው «ቃኘው» የተባለው በራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ በአባ ቃኘው ነው። የመጀመሪያው ቃኘው በ1943 ዓ.ም. ፑሳን ወደብ ደረሰ። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። ሻለቆቹ እየተተካኩ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያዊ ኮሪያን ረገጠ። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። የተማረከ ግን የለም። አንድም የለም። አባባ ስለ ብርዱ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ታሸገው ምግብ ሲያወሩ ይስቁ ነበር። እዚህ ላይ ሲደርሱ ግን ቁጭ ያሉበት ቀጥ ይሉ ነበር። «ሬሳም ጥለን አልመጣንም» ይላሉ። ሌላ ነገር አይጨምሩበትም።

ከፊታቸው የነበረው የሰሜን ኮሪያና የቻይና ወታደር ብዙ ጊዜ የሚይዘው ራሽያኖች ፔፔሻ የሚሉትን መሣሪያ ወይም የእሱን ቅጂ ነበር። ጊዮርጊ ሽፓጊን የሚባል ሰው የነደፈው ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1940 መጨረሻ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተቀብላው በጦርነቱ ዘመን 6 ሚሊዮን ያህል አመረተችው። ክብ ካዝናው 71 ጥይት ይይዛል። ይህ ካዝና ደግሞ መነሻው ራሽያ አይደለም። ከ1939 እስከ 1940 በተደረገው የክረምት ጦርነት ፊንላንዶች ሱዎሚ የሚባል መሣሪያ ነበራቸው። ራሽያኖች በበረዶው ውስጥ በዚያ መሣሪያ ብዙ ተጎዱ። የፊንላንዱን ክብ ካዝና አይተው የራሳቸውን በዚያው መልክ ሠሩ። የፊንላንድ ሐሳብ በራሽያ ፋብሪካ አልፎ፣ ኮሪያ ተራራ ላይ ወድቆ፣ በአንድ የክብር ዘበኛ ሻንጣ እኛ ሰፈር፣ ካራ ገባ። ይህን ሁሉ ዕቃው ላይ የሚጽፍ የለም። የሚናገርለት ሰው ካላገኘ ቆርቆሮ ነው።

አባባ ራሳቸው ብዙ አልተናገሩለትም። ለምን እንደሆነ ሳድግ ነው የገባኝ። በታኅሣሥ 1953 ክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ፤ ሲከሽፍ የክብር ዘበኛ ሰው መሆን ራሱ ከባድ ሆነ። ከዚያ 1966 መጣ። ደርግ ሶሻሊስት ነኝ ሲል ኮሪያ ሄዶ ከኮሚኒስት ጋር የተዋጋ ሰው ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ የሚያንጠለጥልበት ዘመን አበቃ። የሰሜን ኮሪያ መንግሥት የአዲሱ መንግሥት ወዳጅ ሆነ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለው የትግላችን ሐውልት በ1977 ሲመረቅ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ነበረበት። አባባ በዚያ በኩል ማለፍ አይወዱም ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ይህንን የእግር ድካም አድርጌ ነው የወሰድኩት።

በ1969 አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትፈተሽ ካዝናውን ያዳኑት እማማ፣ የአባባ ባለቤት፣ ናቸው። አባባ «ወንዝ ጣሉት» ብለው ነበር። እማማ አልጣሉትም። የበሬ ሞራ አቅልጠው ቀቡት፣ በጨርቅ ጠቀለሉት፣ ጆንያ ውስጥ ከተው ከዶሮ ቤቱ ሥር ቀበሩት። ሜዳሊያዎቹንም አብረው። ያን ጊዜ ካራ ከተማ አልነበረችም ማለት ይቻላል። ባሕር ዛፍ፣ ጭጋግ፣ ከኮተቤ ወደ ላይ የሚወጣ መንገድ። ቢሆንም ፈታሽ አይቀርም። ከዶሮ ቤት ሥር የወጣው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

እማማ ካዝናውን የሚጠሩት «የሰውዬው» ብለው ነው። «የሰውዬውን አንሱልኝ፣ ልጠርግ ነው።» «የሰውዬው ላይ ዕቃ አትጫኑበት።» ሰውዬው ማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። አባባ ማለታቸው ነው ብዬ አለፍኩት። ለዚህ እመለሳለሁ።

ሥራውን የሠራነው ከካራ ወደ ለገጣፎ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በርና መስኮት የሚበይዱ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ወጣት ሳሉ ፋብሪካ ውስጥ ቶርኖ ላይ ሠርተዋል። ዛሬ ቤተኛ ደንበኛቸው የኮንዶሚኒየም በረንዳ ፍርግርግ ነው። ካዝናውን አጎቴ ሲያሳያቸው ጓንታቸውን አውልቀው ያዙት። ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኑት። ባዶውን ከአንድ ኪሎ ያልፋል። ጆሯቸው ሥር አድርገው ነቀነቁት። «ሞላ አለው አይደል?» አሉ። አለው። «እንግዲያው ቀስ ነው» አሉ።

ቀስ ነው ያሉት በምክንያት ነው። የክብ ካዝና ልቡ ሞላው ነው። ስስ፣ ጠፍጣፋ፣ ረጅም የብረት ጥብጣብ ነው። መሃሉ ላይ ካለው ዘንግ ዙሪያ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ወታደሩ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ያዞራል፤ ሞላው ይጠመጠማል። ጥይቶቹን በጠመዝማዛው መንገድ ላይ ያቆማቸዋል፤ ወደ ውስጥ የገባ ረድፍ አለ፣ ከእሱ ውጭ ሌላ ረድፍ አለ። መንገዱን ሳየው ትዝ ያለኝ እማማ ምጣድ ላይ እንጀራ ሲያዞሩ ነው። ከዳር ጀምሮ እየጠበበ ወደ መሃል ይገባል። ሞላው የሚሠራው በተቃራኒው ነው። ከመሃል ወደ ዳር፣ ወደ ካዝናው አፍ እየገፋ ያወጣል። ተጠምጥሞ የቀረ ሞላ ክዳኑ ድንገት ሲነሳ ጣት ይቆርጣል፣ ዓይን ያወጣል። ጋሼ የብየዳ መነጽር አደረጉ። ለእኔም ሰጡኝ። አጎቴን «አንተ ወዲያ በል» አሉት፤ መነጽር አልተረፈም።

ክዳኑ የሚያዘው መሃሉ ላይ ባለች ቀጭን መቆለፊያ ነው። እሷ ዝጋ ከብረቱ ጋር አንድ ሆናለች። መዶሻ የያዘ ሰው እዚህ ጋ ነው ዕቃ የሚያጠፋው። ጋሼ መዶሻ አላነሱም። ነጭ ጋዝ ከሞተር ዘይት ጋር ቀላቅለው ጠርዙን ዙሪያውን አርከፈከፉት። በጨርቅ ሸፍነው «ይደር» አሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ስንሄድ እንደዚያው ጨመሩበት። «ይደር።» ለጠባዬ ከባድ ነበር። እኔ ቢሮ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ነገር ዛሬ ተጀምሮ ዛሬ እንዲያልቅ እፈልጋለሁ። ጋሼ ግን እያንዳንዱን «ይደር» የሚሉት ሥራው ራሱ እሱ እንደሆነ አድርገው ነው። እውነትም ነው። ጋዙ በእኛ ፈንታ እየሠራ ነበር። በመጨረሻ መቆለፊያዋን በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ሲያደርጓት ያለ ትግል ሄደች።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። የሞራ ሽታ። ከዶሮ ቤት ሥር የቀበሩት እማማ ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል፤ የቀቡት ሞራ ግን ደርቆ፣ ቡናማ ሆኖ፣ በጠመዝማዛው መንገድ ጥግ ጥግ ተቀምጧል። አጎቴ መነጽር እንደሌለው ረስቶ ተጠጋ። ማንም አልተናገረም። ጋሼ ብቻ «ሴትዮዋ አዋቂ ናቸው» አሉ።

አዋቂ ናቸው። ግን ሞራ ሁለት ጠባይ አለው። ውሃና አየር እንዳይገባ ይከለክላል። ያለዚያ ሞላው አልቆ ነበር። ሲከርም ደግሞ ራሱ አሲድ ይሆንና ብረቱን በዝግታ ይበላል። ሞራው የተጋገረበት ቦታ ሁሉ ሥሩ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ተቦርቡሯል። ሞራው ሳይደርስ የቀረበት ደግሞ ቀዩ ዝገት ገብቶበታል። ያን የተቦረቦረ ላመራ ሲያዩት የእማማ እጅ የት የት እንደደረሰ ይነበባል። በአፉ በኩል ብዙ ቀብተዋል። ከሥር በኩል ቸኩለዋል። ያን ቀን ለመቸኮል ምክንያት ነበራቸው።

የእኔና የአጎቴ ልጅ ክርክር የመጣው እዚህ ላይ ነው። የአጎቴ ልጅ ጋራዥ ይሠራል፤ እጁ ወርቅ ነው። «በግራይንደር ገፍተን፣ ስቱኮ አድርገን፣ ጥቁር ቀለም ብንነፋው አዲስ ይሆናል» አለ። እውነቱን ነው፣ አዲስ ይሆናል። መኪና ቢሆን እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ነገር ግን ይህ ዕቃ አዲስ እንዲሆን አንፈልግም። ፋብሪካ ሲወጣ አዲስ ነበር፤ ያኔ የእኛ አልነበረም። የእኛ የሆነው ቀጥሎ ባገኘው ነገር ነው። ያ ጥቁር ጉድጓድ ጉድጓድ 1969 ነው። እሱን በግራይንደር መግፋት እማማን መግፋት ነው። በሙዚየም መስታወት ውስጥ የሚያብለጨልጭ ካዝና የትም አለ። ከዶሮ ቤት ሥር የወጣ ካዝና ግን አንድ ነው። ይህን ስል ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ የአጎቴ ልጅ «እሺ በቃ፣ አትቆጣ» አለኝ። ዝገቱ እንዲቆም እናደርጋለን፣ የነበረውን ምልክት ግን አናጠፋም በሚለው ተስማማን። እሱም ከዚያ በኋላ ከሁላችን በላይ ተጠነቀቀ።

ስለዚህ ብርጭቆ ወረቀት የሚባል አልነካውም። ነጭ ጋዝ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ስንጥር፣ የጥጥ ጨርቅ። የቀረ ግትር ዝገት ካለ ከብረቱ የለሰለሰ የመዳብ ቁራጭ። ላላ ያለው ቀይ ዱቄት ይነሳል፤ ሥር የያዘው ጥቁሩ ይቀራል። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፣ አልዋሽም። ግን ቁጥሩን ያገኘነው በዚህ ሥራ ነው።

ክዳኑ ላይ የፋብሪካ ማኅተም አለ፤ በከፊል ተበልቷል። ከእሱ ፈንጠር ብሎ ደግሞ በእጅ የተጫረ ቁጥር ወጣ። በምስማር ወይም በቢላ ጫፍ የተጫረ፣ የተንሻፈፈ። ጋሼ በአጉሊ መነጽር አዩት። ቀጥለው ካዝናውን አገላብጠው አፉን አዩ። ከመሣሪያው ጋር የሚገጥመው ጠርዝ በአንድ በኩል ተሞርዷል። የፋብሪካ ሥራ አይደለም፤ የእጅ ሞረድ ነው፣ መስመሩ ይታያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ ክብ ካዝናዎች የሚታወቁበት አንድ ጉድለት አለ። በጦርነት ጥድፊያ ስለሚሠሩ ልካቸው ትንሽ ትንሽ ይለያያል። የአንዱ መሣሪያ ካዝና ለሌላው አልገጥም ይላል፣ ወይ ይላወሳል፣ ወይ ጥይት ያንቃል። ስለዚህ ካዝና ለመሣሪያው እየተሞረደ ይስተካከላል፣ የመሣሪያው ቁጥር ይጻፍበታል፣ እንዳይቀያየር። ራሽያኖች ቆይተው 35 ጥይት የሚይዝ ቆልማማ ካዝና የሠሩትም ክቡ ለመሥራትም ለመሙላትም አድካሚ ስለነበረ ነው። ክቡ ሲሞላ ጊዜ ይፈጃል፣ ይከብዳል፣ ሲሄዱ ይንኳኳል። ግን የያዘው ሰው ይወደዋል፤ 71 ጥይት ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ አንድ ሰው፣ ቻይናዊ ይሁን ኮሪያዊ፣ ይህን ጠርዝ ለራሱ መሣሪያ እንዲስማማ ሆኖ ሲሞረድ ተቀብሎታል፤ ወይ ራሱ ሞርዶታል። ቁጥሩን ጭሮበታል። የእኔ ነው ብሏል። በብርድ እጅ የተጫረ ይመስላል፤ የመጨረሻው ቁጥር ሊወድቅ ያዘነበለ ነው። ያን ጊዜ ነው እማማ «የሰውዬው» የሚሉት የገባኝ። አባባ አልነበሩም ሰውዬው።

አጎቴን ጠየቅኩት። ያውቅ ነበር። አባባ ለእማማ አንድ ጊዜ ተናግረዋል። ሌሊት ነው፣ ምሽግ ፊት ለፊት። ጠዋት ሲነጋ ከሽቦው በታች የተገኘ ሰው ነው። ልጅ እግር ነው። ካዝናው ከመሣሪያው ወልቆ ከጎኑ ወድቋል። አባባ መሣሪያውን ለአለቆቻቸው አስረከቡ፤ ካዝናውን ይዘው ቀሩ። ለምን እንደያዙት አልተናገሩም። ለጉራ ቢሆን ኖሮ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉት ነበር። ሰቅለውት አያውቁም። በመድኃኔዓለም ቀን እማማ ለሞቱት ሁሉ ሲያስቡ «ለሰውዬውም» ይሉ ነበር አለኝ አጎቴ። እኔ ይህን ስሰማ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ ጆሮዬ አልያዘውም።

ወደ ሥራው ልመለስ፣ ሞላው ቀርቷል።

ሞላው ከነዘንጉ ሲወጣ ከገመትነው በላይ ደህና ነበር። አባባ ወይም እማማ ሳይጠመጥሙት ስለቀበሩት ልልነቱን ጠብቆ ኖሯል። የውጭኛው ጫፍ ግን ተሰብሯል፤ ግድግዳው ላይ የሚንጠለጠልባት ቆልማማ ጫፍ የለችም። ለዚህ ነው ሲነቀነቅ የሚንኳኳው። እኔ ብየዳ ቤት ስለሆንን ይበየዳል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ጋሼ «ሞላ አይበየድም» አሉ። የሞላ ብረት ጠባዩን ያገኘው በእሳት ነው፤ ሌላ እሳት ካገኘው ጠባዩን ይረሳል። ወይ ይለሰልሳል፣ ወይ ይሰበራል። ያደረጉት እንዲህ ነው። ሞላውን ሙሉ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሞርሳ ላይ አሰሩት። ጫፉን ብቻ፣ የጣት አንጓ የምታህል፣ ውጭ አስቀሩ። እሷን በትንሽ ነበልባል አግለው በራሷ ጊዜ እንድትቀዘቅዝ ተዉአት። ስትለሰልስ በፒንሳ ቆለመሟት። ከጨርቁ ሥር ያለው ሞላ ሙቀት አልነካውም። ሞላው ትንሽ አጠረ፣ ጉልበቱም በዚያው ልክ ቀነሰ። ለሚሄድበት ቦታ ይበቃዋል። ማንም አይተኩስበትም።

የገባውን ጎን ደግሞ ያወጡት በእንጨት ነው። ከወይራ ቁራጭ ላይ የካዝናውን ክብ ልክ የያዘ ደጋፊ ጠርበው ከውስጥ አስገቡ። ከውጭ በእንጨት መዶሻ፣ በትንንሽ ምት፣ ከጠርዝ ወደ መሃል። ብረት በብረት ቢመታ ላመራው ይለጠጥና ይጎብጣል፤ ተመልሶ አይገባም። ጠባሳው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ጋሼ ሊቀጥሉ ነበር፤ የአጎቴ ልጅ ነው «ይብቃ ጋሼ፣ ይታይ» ያላቸው። ያ ልጅ ግራይንደር ያነሳው ልጅ ነው።

የመግጠሙ ሥራ ከመፍታቱ ይከብዳል። ሞላው ዘንጉ ላይ መልሶ ሲጠቀለል ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ዘንጉን ይይዛል፣ ሌላው ጥብጣቡን እንዳይጠማዘዝ እየመራ ያስገባል። ከተጠማዘዘ አንዱ ጎን ክዳኑን ይፈትገዋል። ጋሼ እኔን «አንተ ያዝ፣ እንዳትለቅ፣ ብታስነጥስም እንዳትለቅ» አሉኝ። አልለቀቅኩም። የተቆለመመችው ጫፍ ቦታዋን ስትይዝ ጠቅ የምትል ትንሽ ድምፅ አለች። ቀጥሎ ገፊው ገባ። ገፊው ጥይቶቹን ከኋላ የሚገፋው ቁራጭ ነው። በጠመዝማዛው መንገድ ላይ ከመሃል እስከ አፍ ሳይቆም መሄድ አለበት። መጀመሪያ አንድ ቦታ ያዘ። የተረፈ ሞራ ነበር። በስንጥር አወጣነው፤ አጎቴ ሞራውን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ሁለተኛ ሲሞከር ሄደ። ውስጡን በስሱ የማሽን ዘይት ነካነው፤ ግራሶ አላደረግንም፣ ግራሶ አቧራ ይይዛል። ክዳኑ ገጠመ። መቆለፊያዋ ገባች።

ጋሼ ክዳኑን መልሰው ከፍተው ውስጡን በጣታቸው አዞሩ። ተለቀቀና ዞረ። ከኮሪያ ወዲህ የዞረ አይመስለኝም። አጎቴ አንዴ እሱም አዞረው። የአጎቴ ልጅም አዞረው። እኔም። ሁላችንም በየተራ ካዞርነው በኋላ ጋሼ ሞላውን እስከ መጨረሻው አላልተው ዘጉት። ሞላ ተወጥሮ አይቀመጥም፣ በተለይ የተቦረቦረ ሞላ። ከጉድጓዶቹ በአንዱ ነው የሚሰበረው። ለሙዚየሙም ይህን በወረቀት ጽፈን እንሰጣለን። ከጓንት ውጭ እንዳይያዝ፣ እንዳይጠመጠም፣ እርጥበት እንዳያገኘው። የእጅ ላብ ጨው ነው፣ ጣት ያረፈበት ቦታ ሁሉ በወር ይዝጋል።

ቤታችሁ የአያት ዕቃ ያላችሁ ሰዎች፣ የመሣሪያ ይሁን የሌላ፣ በአመድና በሎሚ አትፈትጉት። የሚያብለጨልጨውን ስትፈልጉ የተጻፈውን ታጠፋላችሁ። የእኛ ቁጥር የነበረው ከወረቀት በሳሳ የብረት ገጽ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ግራይንደር ቢነካው ኖሮ ያ ሰው አልነበረም።

አሁን የቀረን መግለጫው ነው። ከዕቃው ጎን የሚቀመጥ ትንሽ ጽሑፍ ይፈልጋል። አጎቴ የአባባን ስም፣ ማዕረጋቸውን፣ «ሦስተኛ ቃኘው ሻለቃ» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ እማማን አስገባን፤ ማን እንደቀበረውና የት። ሦስተኛው መስመር ላይ ነው ያልተስማማነው። እኔ የተጫረው ቁጥር እንዳለ ይጻፍ፣ ከጎኑም ካዝናውን የያዘው ወታደር እዚያው መሞቱ ይጻፍ አልኩ። እናቴ የሞተ ጠላት ቁጥር ከአባቷ ስም ሥር መግባቱ ከብዷታል። አጎቴ ይግባ ባይ ነው። እማማ በሕይወት ቢኖሩ ማን ጋ እንደሚቆሙ ሁላችንም እናውቃለን፤ እናቴም ታውቃለች። ቅዳሜ እሷ ቤት ቡና አለ፣ እዚያ እንነጋገራለን።